የአጎትሽ ጥቁር ፀጉር

ይድረስ ለልጄ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የሰው አገር ይመችሽ። ልጆችሽን በጺሜ እየወጋሁ እንደሳምኳቸው ንገሪልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል።

አምና ሐይቁ ዳር ወዳለችው ከተማ ፍል ውሃ ልንታጠብ ሄደን፣ የእናትሽ ወንድም ሱሪዬን ደብቆ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ በፎጣ ወደ ሆቴሉ መመለሴን ታስታውሻለሽ። ይኸው እስከ ዛሬ ሱሪ ሊያስጠብብ የሚመጣው ሁሉ «ባለፎጣው አሉ?» ይለኛል። ልብስ ሰፊ ያለ ሱሪ! አልረሳሁለትም።

በሚቀጥለው ወር እንደገና እንሄዳለን። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጋባዡም እኔ ነኝ» ስለው ሊስመኝ ምንም አልቀረው። ካላገባኋት እያለ የሚለማመጣትን ፋርማሲስትም ጋብዣታለሁ። ፀጉሩ በተፈጥሮው ጥቁር እንደሆነ ምሎላታል። እናትሽ «አንተ ሰውዬ፣ ልብ አትገዛም?» ትለኛለች፤ ግን እሷም ሻንጣዋን አዘጋጅታለች።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የምትልኪለትን፣ ውሃ የማያስለቅቀውን የፀጉር ቀለም ለዘንድሮ አዘግዪበት። እዚህ የሚሸጠው ቀለም ፍል ውሃ ሲነካው እስከ አንገት ይወርዳል። ማበሻውን እኔው አቀብለዋለሁ፤ ነጭ ፎጣ ገዝቻለሁ።

ሸበቶ እስክትሆኚ ኑሪልኝ፤ ሲሸብትም አትቀቢው።

አባትሽ