አባባ የያዙልህ ስምንተኛ ቦታ

ለምወድህ ወንድሜ ዱሆ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ያ የባትሪ ፋብሪካ ጭራሽ አባሰው? ባለቤትህ ሚሌናስ እንዴት ናት? እዚያ ፖላንድ፣ ቭሮትስዋፍ ብርዱ ገብቷል ይላሉ። የላክሁልህን የሱፍ ካልሲ እንደማታደርገው አውቃለሁ፤ ቢሆንም እጠይቃለሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው፤ ዘንድሮ የጎመን ኪምቺዬ ጨው በዛበት እያሉ ደንበኞቼ ቢያሙኝም መግዛታቸውን አልተዉም።

በስልክ ብጽፍልህ በአንድ ዓይንህ አይተህ «እሺ እህቴ» ብለህ ትዘጋዋለህ ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ጉዳዩ የአባባ ነው። አትደንግጥ፣ አልታመሙም። ጌም ጀምረዋል።

አዎ፣ አባባ! ስትሄድ «ዕድሜህን በጌም ፈጀኸው፣ አሁን ደግሞ አገር ጥለህ ትሄዳለህ» ብለው የጮኹብህ፣ ከዚያ ወዲህም ስትደውል ስልኩን ለእኔ አቀብለው ወደ ጓዳ የሚገቡት አባባ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቀኑ አልመሽ ብሏቸው ሲንቆራጠጡ ከረሙና አንድ ቀን እንደ ዋዛ «ያ ልጅ የሚጫወተው የትኛውን ነው?» አሉኝ። ሜዳው ሰፊ የሆነውን፣ ባሕር ያለበትን፣ ሰው እንደ ልቡ የሚዞርበትን ነው አልኳቸው። በማግስቱ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ጌም ቤት ገብተው ቁጭ አሉ።

ምን ሲያደርጉ እንደነበር ልንገርህ? አንተን ሲፈልጉ። በዚያ ሁሉ ሜዳ ያገኙትን መንገደኛ እያስቆሙ «ረጅም፣ ቀጭን፣ ዱሆ የሚባል የቡሳን ልጅ አይተሃል?» ይላሉ። አንዱ «አባት፣ እዚህ ሁሉም ረጅምና ቀጭን ነው» አላቸው። ሌላው ፈረስ ሰጣቸው፤ ሌላው ደግሞ ገድሏቸው መንገዱን ቀጠለ። የራምየን ሾርባቸው ፊት ለፊታቸው እየቀዘቀዘ ተራራ ሲወጡ፣ ዝናብ ሲመጣ ከማያውቁት ሰው ጋር ዛፍ ሥር ሲጠለሉ ይውላሉ። አንድ ቀን ባርኔጣ ያደረገ ሰው ምንም ሳይናገር እስከ ባሕሩ ዳር አብሯቸው ሄዶ፣ እጁን አውለብልቦ ጠፋ። እስካሁን ያነሱታል። አንተ ነበርክ እንዴ?

በመጨረሻ ታከታቸው። «ክፍት ነው ይላሉ እንጂ ሰው አያገናኝም» ብለው ወደ ሌላው ጨዋታ ዞሩ፤ ስምንት ሰው ተጠራርቶ የሚገባበት፣ ከገቡ በኋላ በሩ የሚዘጋው።

እዚያ የሠሩትን ጉድ ስማ። «ሹፌር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አዩ። ጎበዝ ተጫዋች ደካሞቹን ተሸክሞ ሲያሳልፍ «አውቶቡስ ነዳ» እንደሚባል አንተ ታውቃለህ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈራችንን የዮንግዶን አውቶቡስ የነዱ ሰው ግን ከየት ይወቁት? «እኔ ሹፌር ነኝ፤ አንድም አደጋ አላደረስኩም» ብለው ጻፉ። ሰባቱ ደስ ብሏቸው ተከተሏቸው። በሩ ተዘጋ። አባባ ሰይፋቸውን ሳይመዝዙ ውስጥ በሚጠብቀው ዘንዶ ተደፉ፤ ሰባቱም ተከታትለው አለቁ። የቡድኑ መሪ ቦራም የምትባል ወጣት ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ «ምን ዓይነት ሹፌር ነው ይሄ!» ብላ ጮኸች። አባባ «የከተማ አውቶቡስ፣ ልጄ» ብለው መለሱ። የልጆቹ ሳቅ ከማዳመጫው አልፎ ጌም ቤቱን ሞላው አሉ። አላባረሯቸውም። ቦራም «እርስዎ ተሳፋሪ በመስታወት ማየት ለምደዋል፤ እኛን እያዩ ያክሙን» ብላ የቡድኑ ሐኪም አደረገቻቸው።

እኔም አንድ እሑድ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁና ገረመኝ። በአንተ ጨዋታ ማንም አይጠብቅህም፤ ብትቀር የት ገባ የሚል የለም፤ ግን ያላሰብከውን ሰው ታገኛለህ። በእነሱ ደግሞ ያው አዳራሽ፣ ያው ዘንዶ ነው በየሳምንቱ፤ ዙሪያውን ቀና ብሎ የሚያይም የለም። ነገር ግን አንዱ ሽንት ቤት ቢሄድ ሰባቱ ቆመው ይጠብቁታል። የቱ ይሻላል ብዬ ብጠይቃቸው «ልሂድ ላለ ያኛው ጥሩ ነው፤ ሰው ለሚጠብቅ ይሄኛው» አሉኝ። አንተስ ምን ትላለህ? ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከስምንቱ አንዱ ለውትድርና ግዳጁ ተጠርቶ ሄደ። ቦራም ሌላ ሰው ላስገባ ስትል አባባ «ቦታው ተይዟል» አሉ። በማን? ብትላቸው «ልጄ መንገድ ላይ ነው» አሏት። ዱሆ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ እንባዬ መጣ። ሽንኩርት ነው እንዳልል ጌም ቤት ውስጥ ሽንኩርት የለም። ቦራም እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እጠብቃለሁ ብላለች፤ በሰባት ሰው በሩ አይከፈትም። ከዚያ ሆነህም መግባት ትችላለህ፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። እሑድ እኛ ጋ ሲመሽ እናንተ ጋ ምሳ ሰዓት ነው። ይቅርታ እንዲጠይቁህ አትጠብቅ፤ ታውቃቸዋለህ። ብትቆስል ግን ከሁሉ አስቀድመው አንተን እንደሚያክሙ እኔ እምልልሃለሁ።

ሚሌናን ሳምልኝ። ባለቤቴ ቹልጊ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግህን እየተጠቀመበት ስለሆነ እንዳይከፋህ ይልሃል። ልጄ ሶዳም አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች። አክስታችን ኦክጃ ጉልበቷን እያሸች ትመርቅሃለች። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ ይህን እንዳልጽፍልህም ከልክለውኛል። ቴምብሩን የገዙት ግን እሳቸው ናቸው።

እህትህ ሚሪም
ቡሳን፣ ዮንግዶ
ኦክቶበር 9 ቀን 2023