የሁሉም ሰው ድምፅ

ኖቬምበር 3

ዝናብ። የምሰራበት የጌም ሱቅ ውስጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንድ ልጅ አንድ የመርከብ ጌም መለሰ። "ይደብራል" አለኝ። ምን ልለው? እውነቱን ነው። ግማሹ ሸራ ማጠፍና መዘርጋት ነው፤ ባህሩ ላይ ምንም አይመጣም። እኔም ጀምሬ ትቼዋለሁ። ምን ያልተውኩት ነገር አለ? በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ልቦለድ ጣልኩ። አንዱ ላይ ሰውዬው መስኮት ስር ቆሞ ያስባል፣ ያስባል... አንተ ሰውዬ፣ ካፖርትህን ልበስና ውጣ እንጂ!

ማታ አባዬ ጋ። የኮምጣጣ ኪያር ሾርባ ሰርቷል። ጨው አብዝቶበታል። ቴሌቪዥኑ ያንን የድሮ የሆስፒታል ተከታታይ ፊልም ለስንተኛ ጊዜ እየደገመው ነው። ልጅ ሆኜ ይሄ ሲጀምር ቶሩን ከተማ ጭር ይል ነበር። አሁን ሳየው ግድግዳው ካርቶን፣ የሐኪሞቹ ፀጉር ደግሞ የአበባ ጎመን። ግን ቻናሉን አልቀይርም። የሁሉንም ንግግር በፖላንድኛ ከላይ የሚያነበው አባዬ ነዋ።

አክስቴ ገኖቬፋ፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ ቀልዷን ጀመረች።

"ወንድሜን እዩልኝ! የውጭ አገር ተዋናዮቹ ከስር ያንሾካሹካሉ፣ እሱ ከላይ ለሁሉም ያወራል። ባልየውም እሱ፣ ሚስትየዋም እሱ፣ ምጥ ላይ ያለችውም እሱ! 'እወድሃለሁ' እና 'መቀስ አቀብለኝ' በአንድ ድምፅ!"

አባዬ ከሳህኑ ቀና አላለም። "የሚያለቅሰው ተዋናዩ ነው። የኔ ስራ ምን እንደተባለ መናገር ነው።"

ድምፁ ሻክሯል። ኖቬምበር 20 በቀዶ ጥገና ማንቁርቱን ያወጡለታል። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም ብሏል። አባዬ ይሄንንም የነገረን ልክ እንደዚያ ነው... ዜና እንደሚያነብ።

ኖቬምበር 6

ቤቴ ባለው የቪዲዮ ካሴት ሁሉ ላይ ድምፁ የአባዬ ነው። ፖሊስም፣ ሌባም፣ መነኩሴም ሆኗል። የራሱን ቃል የተናገረበት ግን አንድ እንኳ የለኝም። ድምፁን ልቀዳ ስልኬን ይዤ ሄድኩ።

"ምን ልበል?"

"የፈለግከውን። ዛሬ ምን በላህ?"

"ሾርባ።"

"አባዬ!"

"ይሄን ነገር ከፊቴ አንሺው፣ ኢርሚና።"

ኖቬምበር 7

አንድ የወንጀል ፊልም። ገዳዩ አትክልተኛው መሆኑን ገና የፊልሙ ርዕስ ሲወጣ አወቅኩ። አጠፋሁት። ሌላ ከፈትኩ። እሱንም አጠፋሁ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ምን ነክቶኛል?

ኖቬምበር 11

በዓል ነው፣ ሱቅ ዝግ። ከአባዬ ጋር ተጣላን። እኔ ነኝ የጮህኩት እንጂ እሱ የት ይጮሃል። "የራስህን አንድ ቃል ብትናገር ምን ትሆናለህ?" አልኩት።

"ዕድሜዬን በሙሉ ሰው የፃፈልኝን አነበብኩ" አለ። "ሳይፃፍልኝ አላውቅበትም።"

አያውቅበትማ። ስምንት ዓመቴ ላይ እናቴ ጥላን ስትሄድ ምን አለኝ? "እናትሽ ሄዳለች። ምድጃው ላይ ፒዬሮጊ አለ።" በቃ። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ። ያን ቀን ጠላሁት። አሁን ደግሞ ያው ድምፅ ሊጠፋብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣለሁ። ጤና ነው ይሄ?

ኖቬምበር 17

ይሄን ሳልፅፍ መተኛት አልችልም።

አዲስ ጌም ይዤ አባዬ ጋ ሄድኩ፤ የሱ ቴሌቪዥን ይሰፋል። በረዶ የሸፈናት መንደር ውስጥ አንዲት ልጅ ውሻዋን ትፈልጋለች። አንድ ሽማግሌ ፖስተኛ አብሯት ይዞራል። ስዕሉ ያምራል፣ ታሪኩ ትንሽ ይንዛዛል። ንግግሩ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ትርጉሙ ከስር ተፅፎ ያልፋል። እኔ ዝም ብዬ እጫወታለሁ። አባዬ ወንበሩን አስጠጋ። መነፅሩን አደረገ። ከዚያ... ማንም ሳይጠይቀው ማንበብ ጀመረ።

"ውሻዬን አይተሃል? አላየሁም። እዚያ ድልድይ ጋ ጠይቂ። ብርድ ነው። ይሁን፣ እሄዳለሁ።"

ልጅቷንም፣ ፖስተኛውንም፣ የድልድይ ጠባቂዋንም ሆነ። በዚያችው ደረቅ ድምፅ፣ ከፅሁፉ ግማሽ ትንፋሽ ዘግየት እያለ። በየመሃሉ ያስለዋል፣ ይቀጥላል። ስልኬ ኮሪደር ላይ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ልቀዳው ብድግ ልል ነበር። ብነሳ ያቆማል... አልተነሳሁም።

ጫካው ጋ ጨለመ። ልጅቷ በረዶ ላይ ተቀመጠች። ፖስተኛው አጠገቧ ቆመ። ዝም አሉ። አባዬ ግን አነበበ፦

"አትፍሪ። እኔ አለሁ።"

ስክሪኑን አየሁ። ምንም አልተፃፈበትም። ባዶ ነው። ወደሱ ዞርኩ፤ እሱ ቴሌቪዥኑን እያየ ነው። "ተጫወቺ እንጂ" አለኝ።

ኖቬምበር 20

ከቀዶ ጥገናው ወጣ። ደህና ነው። አይኑን ገልጦ አየኝ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ምንም። እያወቅኩም ጠብቄ ነበር።

ዲሴምበር 2

አባዬ ቤት ገባ። አክስቴ የልጆች መፃፊያ ሰሌዳ ገዝታለታለች፣ ጠርዙ ላይ ዳክዬ ያለበት። "ዛሬ እንኳን ሳትመልስልኝ ልስደብህ" አለችው። "በህልምሽ" ብሎ ፃፈላት።

ማታ የሆስፒታሉ ፊልም የመጨረሻ ክፍል። የአባዬ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ወጣ፣ ያ ድሮ የነበረው፣ ጤነኛው። አባዬ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ዘጋው።  

በሱ ቦታ እኔ መናገር ጀመርኩ። በቃሌ ነው የማውቀው፣ ስንቴ አይቼዋለሁ። ነርሷ ስታለቅስ የኔም ድምፅ አብሮ ተንቀጠቀጠ። አባዬ ሰሌዳውን ፊቴ ላይ አመጣው፦ "ስሜት አትጨምሪ።"

ደገምኩት፣ ድርቅ አድርጌ። ጉልበቴን በጣቱ መታ፤ አሁን ጀምሪ ማለቱ ነው። ተዋናዩ አፉን ይከፍታል፣ አባዬ ትንሽ ይጠብቃል፣ ይመታኛል። ባልየውንም ሚስትየዋንም እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ በሽተኛው አልጋ ራስጌ የሚቆምበት ጋ ደረስን። እዚያ ላይ ንግግር የለም። አባዬ በጣቱ አልመታኝም።

"አትፍራ" አልኩ፣ በዚያው ድምፅ። "እኔ አለሁ።"

"እንዴ!" አለች አክስቴ። "ሐኪሙ እንዲህ አላለም እኮ! ከየት አመጣሽው?"

አባዬ ሰሌዳውን አነሳ። ቀስ ብሎ ፃፈ፦ "ብሏል።"

እስኪያልቅ አየነው።