እስከ ፖስታ ሳጥኑ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለክሌይተን፦

ዓሣ የምታጠምድበት የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ኔብራስካ በቆሎው አምሮልን ደህና ነን።

ሆዴም ከሕመሙ ተገላገለ! ሐኪሟ «ቨርና፣ አንቺ እኮ የምትበዪው ሲርብሽ ሳይሆን ሲከፋሽ ነው» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ባቄላና አጃ እያላመጥኩ፣ አይስክሬም ሲያምረኝ ደግሞ እስከ መንገዱ ዳር የፖስታ ሳጥናችን ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ቃሩም የሆድ መነፋቱም ጠፋ።

ትናንት ፖስተኛው ኦርቪል ሳቀብኝ።

«እትዬ ቨርና፣ ፖስታ የማመጣው በቀን አንዴ ነው! ምን ያመላልስሻል?»

«ለጤናዬ ነው!» አልኩት።

«ታዲያ ባዶ ሳጥን ምን ያስከፍትሻል?» አይለኝም መሰለህ!

ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፍተውኛል። በል እንግዲህ የኔ ጌታ፣ ከዚህ በላይ ከከሳሁ ነፋስ ይወስደኛልና አንድ ቀን እንኳ ደብዳቤ ልከህ ከመንገድ አሳርፈኝ።

እግሯ የቀጠነው እናትህ፣
ቨርና