የልጄ ፊት ከድንበር ማዶ

ጎንደር፣ ማክሰኞ መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ንዴቴ አልበርድ ቢለኝ ነው የምጽፈው። ዛሬ ሱቄን ዘግቼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። አንድ የማናውቀው ሰው የልጄን የዘይነብን ፎቶዎች ከፌስቡክ ገጿ ወስዶ፣ እዚያው ላይ ሌላ ስም አውጥቶላት፣ በእሷ ፊት ካገኘው ወንድ ሁሉ ጋር የፍቅር ወሬ ያወራል። መርማሪው በትሕትና አዳመጠኝና፣ "እናቴ፣ ገጹን የከፈተው ሰው ውጭ አገር ያለ ይመስላል፤ የፌስቡክ ድርጅቱም ያለው በሰው አገር ነው። ከድንበር ውጭ ስለሆነ የእኛ ሕግ አይደርስበትም" አለኝ።

ሕጉ ነው እንጂ የማይደርሰው፣ ወሬውማ እዚሁ አጠገባችን ፀዳ ከተማ ደርሷል።

ዘይነብን ለልጃቸው የጠየቁት የፀዳ ሰዎች እሁድ ሽማግሌዎቻቸውን መልሰው ላኩ። በእኛ ወግ የልጅቷ ጠባይ የሚጠየቀው ከጎረቤት ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ ከአራስነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ሽማግሌዎቹ ግን የማንንም በር አላንኳኩም። አንደኛው ከኪሱ ስልክ አውጥቶ ምንጣፌ ላይ አስቀመጠና፣ "ይህች ማን ናት?" አለኝ። ብምል ብገዘት አልሰሙኝም። ኒካሁ ቀረ።

"ምነው ልጄ፣" አልኩት መርማሪውን፣ "ልጄ የተዋረደችው እኮ እኔው ሳሎን ነው። ሳሎኔም ውጭ አገር ነው?"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ዘይነብ ከእሁድ ጀምሮ ስልኳን ዘግታ ከክፍሏ አልወጣችም። ያችኛዋ፣ የፌስቡኳ፣ ግን ማምሻውን አዲስ ፎቶ ለጥፋለች። ባለፈው ኢድ፣ እኔው ራሴ "ሳቂ እንጂ" እያልኩ ያነሳኋትን።