ስለ ትከሻዬ ጠባሳ

ለምወድሽ እኅቴ ለእታለም ጸዳለ፦ ሰላምታዬ ከገሳይ እስከ ሐዋሳ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? የሆስፒታሉ ልብስ ማጠብ ወገብሽን እንዴት አደረገው? ባለቤትሽ መልካሙስ፣ ልጅሽ ዮርዳኖስስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ገብሱ አሽቷል፤ እናታችንም ጉልበታቸውን ተሽሏቸው ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ትከሻዬ ነው። ካቻምና በሬው በቀንዱ የወጋኝ ቁስል ከዳነ በኋላ ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ እንደ ጣት ወፍሮ እንደነበር ታውቂያለሽ። ቀንበር ስሸከም ያቃጥለኝ፣ ማሳከኩም እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ሰው እንዳያይብኝ በሙቀትም ጋቢ እደርብ ነበር። አጎታችን ይሻው «በምላጭ ላንሣልህ» ብለው ቀን ቆርጠው፣ እኔም እሺ ብዬ ነበር። አንቺ የደወልሽው በዋዜማው ነው። «እኛ ዘንድ ያለውን የቆዳ ሐኪም አስቁሜ ጠየቅሁት፤ እንዲሁ ቢቆረጥ ብሶ ይመለሳል አለኝ። በማርያም ይዤሃለሁ፣ ምላጭ እንዳይነካህ!» አልሽኝ። አጎቴ ተቀየሙኝ፤ እኔ ግን ደብረ ታቦር ሄድሁ።

ያዩኝ ዶክተር ሕይወት የሚባሉ ሐኪም ናቸው። «ኬሎይድ ይባላል፤ ካንሰር አይደለም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም» ሲሉኝ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። በየወሩ ጠባሳው ውስጥ መርፌ ይወጉኛል። አልዋሽሽም፣ ያማል። ከሁለተኛው በኋላ ማሳከኩ ተወኝ፤ ከአምስተኛው በኋላ ለስልሶ ዝቅ አለ። ምልክቱ ግን አልጠፋም። እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ ሲሊኮንም አዘውልኛል። «ሊመለስ ስለሚችል ቀጠሮህን አትተው፤ ማሳከክ ከጀመረህ ሳትውል ሳታድር ና» ብለውኛል። በዘርም ሊኖር ይችላል ስላሉ፣ ዮርዳኖስን ጆሮዋን ከማስበሳትሽ በፊት ያንን ሐኪም አማክሪው።

ባለፈው ሳምንት ወረፋ ስጠብቅ አንዲት ልጃገረድ ከእናቷ ጋር ከጎኔ ተቀመጠች። ጆሮዋ አብጦባት ነጠላዋን ከላዩ አትለቅም። እናቲቱ «እዚህ ከምንጉላላ አንድ ጊዜ ሰፈር ቢቆርጡላት ይሻላል» አሉ። እኔ፣ ለባለቤቴ ለጽጌ እንኳ ማሳየት አፍር የነበርሁት ሰው፣ ሸሚዜን ፈትቼ ትከሻዬን አሳየኋቸው፤ ያልሽኝንም ሁሉ ነገርኋቸው። ልጅቱ ጠጋ ብላ አየችና ነጠላዋን ከጆሮዋ አወረደች። እናቲቱም «ለእኅትህ ዕድሜ ይስጥልን» አሉ። አሜን ብዬ ተቀብያለሁ፤ ምርቃቱ ግን ያንቺ ነውና ይኸው ልኬልሻለሁ።

ለመልካሙ የአክብሮት ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ዮርዳኖስን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እናታችን ይመርቁሻል፣ ጽጌንም ናፍቀሻታል። አጎታችን ይሻውም ታርቀውኝ ሰላም በልልኝ ብለዋል።

ወንድምሽ ዓለምነው
ገሳይ፣ ጥቅምት ፳፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.