ከአባቴ ቤት በፊት

አርጆ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ውድ ደራርቱ፣

ወደ ጊምቢ ተዛውረሽ ሳትሰናበቺኝ ከሄድሽ አራት ወር ሆነ። ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ሦስቱም ይቅርታ ይለምናሉ፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አንዳቸውም አይናገሩም። አሁን ስላወቅሁት ይህንን አልቀድደውም።

ጠባችን የተነሳው በሚስተር ኬሊ መጽሐፍ ነው። አብሮን የሚያስተምረው የሰላም ጓድ፣ አሜሪካ ኔብራስካ ውስጥ ስላለችው የትውልድ ወረዳው የተጻፈውን ያንን ቀጭን መጽሐፍ ሲያመጣ ከእጁ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። በቆሎና ከብት እንጂ ሌላ ነገር የሌላት የገጠር ወረዳ የራሷ ታሪክ ታትሞላት ማየቱ ገረመኝ። ወንዟ ሞልቶ ስንት ጊዜ ድልድይ እንደወሰደ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ገበሬ ጎተራ በአንድ ቀን እንዴት እንዳቆመለት፣ ሁሉም ተጽፏል። «እነሱም ደቦ አላቸው» ብዬ ስስቅ አንቺ አልሳቅሽም።

«ከእነዚህ ሰዎች በፊት እዚያ ማን ነበር?» ብለሽ ጠየቅሽው።

ገጹን ሲያገላብጥ ቆይቶ አንድ መስመር አገኘ። ቀድሞ ቀይ ሕንዶች ይኖሩበት ነበር ይላል፤ ሌላ የለም። አንገቱ ድረስ ቀላ። እኔ ላግዘው ብዬ «ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል?» አልኩ። ያኔ ወደ እኔ ዞረሽ፣ «የአባትሽ ቤት የቆመበት ኮረብታ ስሙን ታውቂዋለሽ?» አልሽኝ። ሃያ አራት ዓመት ኖሬበት «እነ አቶ እሸቱ ሰፈር» ከማለት በቀር አላውቅም ነበር። ተናድጄ ወጣሁ። ሳምንት ሳይሞላ ዝውውርሽ መጣ።

አልዋሽሽም፤ መጀመሪያ የተነሳሁት አንቺን ለማሳፈር ነው። የአርጆን ታሪክ ጽፌ ላሳይሽ ፈለግሁ። ደብተር ገዝቼ አገሩን ጠንቅቀው ያውቃሉ ወደተባሉት ሽማግሌ፣ ወደ ኦቦ ጨመዳ ሄድኩ። ገብስ እያጨዱ ነበር። የኮረብቶቹንና የምንጮቹን ስም እንዲነግሩኝ ስለምናቸው ማጭዳቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአቶ እሸቱ።»

«እሱም ደብተር ይዞ ነው የመጣው። እናንተ ስም ከጻፋችሁ በኋላ መሬቱ የለም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ባዶ እጄን ሄድኩ። የእሳቸው ደቦ ነበር፤ ከሴቶቹ ጋር ነዶ ስሸከም ዋልኩ። መዳፌ ተላጠ፣ ሴቶቹም በኦሮምኛዬ ሲስቁ ዋሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ። በሦስተኛው «ኢንተላ ኮ» ብለው እንደ ልጃቸው ጠሩኝ። «ደብተሩን አምጪው። ግን የሚያድረው እኔ ቤት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ከዴዴሳ ቆላ ጀምረው እስከ ከተማው ድረስ አገሩን አስቆጠሩኝ። ከብት የሚጠጣበት ምንጭ፣ ሽማግሌ ለዕርቅ የሚቀመጥበት ዋርካ፣ የማን አያት የትኛውን ጫካ እንደመነጠረ። እሳቸው በኦሮምኛ ይነግሩኛል፤ ጽፌ መልሼ አነብላቸዋለሁ፤ ስሳሳት «አጥፊው» ይሉኛል።

የእኛን ኮረብታ መጨረሻ ላይ አደረጉት።

«ቱሉ ቀማሌ ነው ስሙ። ነመራ የሚባል ሰው ርስት ነበር። ለአባትሽ ሲሰጥ ነመራ ቤተሰቡን ይዞ ቆላ ወረደ። ሁለት ልጆቹን ወባ ወሰደበት። የተረፈው የደራርቱ አባት ነው።»

መጻፍ አቃተኝ። በረንዳችን ላይ ተቀምጠን ፈተና ስናርም፣ እናቴ ስታጎርስሽ፣ አባቴን «ጋሼ» ስትያቸው፣ ይህን ሁሉ ታውቂ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ከፊትሽ አላነበብኩትም።

«ይጻፍ ወይስ ይቅር?» አሉኝ ኦቦ ጨመዳ።

«ይጻፋል።»

ደብተሩን ለአንድ ቀን አስፈቅጄ ወሰድኩና፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለአባቴ ገጹን ሙሉውን አነበብኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ፊታቸውን ወደ ቆላው አዞሩ።

«የልጆቹን ነገር አልሰማሁም ነበር» አሉ። ቀጥለው ደብተሩን ተቀበሉኝ። «ዘመኑን ተሳስተሻል። አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት አይደለም፣ ሃያ አራት ነው። የልቀቅ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እርሳሱን ወስደው በራሳቸው እጅ አረሙት፤ ከጎኑም ፈረሙበት።

ደራርቱ፣ ምን ያደርጋል ማለቴ ጥፋት ነበር። ይቅርታ የምጠይቅሽ ለእሱ ነው፤ ጨርሰሽ ብትቀየሚኝም አልፈርድብሽም። ገጹን ግን የካቲት ላይ በወላጆች ቀን ለሕዝቡ አነበዋለሁ። የወረዳው ሹም ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ አባቴ ፊት ለፊት እንደሚቀመጡ ነግረውኛል።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሁለቱን ልጆች ስም ኦቦ ጨመዳ ዘንግተውታል። አባትሽን ጠይቀሽ ላኪልኝ። ሁለት መስመር ክፍት ትቻለሁ።

አክባሪሽ፣
ዘርፈሽ እሸቱ