በወንድሜ ስም

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከሥራ በቀጥታ ወንድሜ ቤት። አሳንሰሩ ዛሬም አይሠራም፤ በደረጃ። የወንድሜ ሚስት በሩን ከፍታልኝ ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ሰላምታው ከዚያው ሆና፣ በጩኸት። እሱ መስኮቱ ሥር ነው፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጋለታለች። ቀኝ እጁ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ?»

«እሺ።»

«በርዶሃል እንዴ?»

«እሺ።»

ሚያዝያ ላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ከወደቀ ወዲህ የቀረችው ቃል ይቺ ናት። ለውኃውም፣ ለመድኃኒቱም፣ ለዝናቡም።

ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። እሱ በሠራው ፕሮግራም ላይ ሦስት ጥያቄ መጥቷል። በእሱ ስም መለስኩ። እንደ እሱ... አጭር፣ ደረቅ፣ ሰላምታ የሌለው። አንዱ «ባዶ የሰንጠረዥ ሳጥን ሲያነብ ለምን ዜሮ አይሰጠኝም?» ይላል። «ባዶ ዜሮ ስላልሆነ» ብዬ ላክሁ። እሱም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚለው። ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የንግግር ሐኪሟ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ስትናገር እጇን ታበዛለች። «ሥራው ምን ነበር?» አለችኝ። «ነበር» አለች። የወንድሜ ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አስረዳኋት። ኤክሴል ፋይል ታውቂያለሽ አይደል? ሰንጠረዥ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያንን ፋይል የሚያነብና የሚጽፍ ኮድ ከመጀመሪያው ልጻፍ ቢል ዕድሜው ያልቃል። ወንድሜ አንዴ ጽፎ ለሁሉም በነፃ ሰጠ። ላይብረሪ ይሉታል። እነሱ ወስደው የራሳቸው ፕሮግራም ውስጥ ይከቱታል። የተማሪ ውጤት፣ የመጋዘን ዕቃ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም በእሱ ውስጥ ያልፋል። ማንም አያየውም።

«እንደ ቧንቧ» አለች።

«እንደ ቧንቧ።»

«ታዲያ አሁን ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?»

የመለሰችላት የወንድሜ ሚስት ናት። «እሷ ናታ! በሱ ስም። ሰዎቹ አያውቁም።»

ሐኪሟ አየችኝ። ምነው የሆነ ነገር ባለች።

ምን ብዬ ልንገራቸው? መቼ ይመለሳል ቢሉኝስ? ቦታውን ያዝኩለት እንጂ አልወሰድኩበትም። ሰው ሲነሳ ኮቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ይሄድ የለ? እኔ ኮቱ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አንድ የማላውቀው ሰው ጻፈ፦ «ሰሞኑን ደግ ሆነሃል። አሞሃል እንዴ?» ሳቅኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ባለ ድመቱ ተመልሶ መጣ። የራሱ ፎቶ በሚሆንበት ቦታ የድመት ፎቶ ስላስቀመጠ ነው እንዲህ የምንለው። እኔና ወንድሜ ማለቴ ነው። በየዓመቱ ብቅ ይላል፣ በዚያችው አንዲት ጉዳይ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ ቀን የሚቀመጠው በቁጥር ነው። በፈረንጆቹ 1900 የመጀመሪያዋን ቀን አንድ ብሎ ይጀምራል። ታዲያ ድሮ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ያልነበረች ቀን ቆጠሩ፤ የዚያን ዓመት ፌብሩዋሪ 29። እንዲህ የምትባል ቀን አልነበረችም። ግን ተቆጠረች። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ስህተቱን ይዞ ቀጠለ። የወንድሜም ላይብረሪ የሚያነበው ያቺን የሌለች ቀን በጸጥታ ቀንሶ ነው። ባለ ድመቱ ይህን አይወድም። «ውሸት ተሸክመን እስከ መቼ? ትክክለኛውን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። አንተ ፍቀድ ብቻ።»

ወንድሜ ሁልጊዜ አይሆንም ይለዋል። ለምን እንደሆነ አንዴ ጠይቄው ነበር። ሳህን እያጠበ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ «ዓለም ሁሉ የተስማማበትን ስህተት ብቻህን ካረምከው፣ የተሳሳትከው አንተ ነህ» አለኝ።

እሺ ማለት ሞቱ የነበረ ሰው። ሚስቱ እንኳ «ላግባሽ ያለኝ እሱ፣ እሺ ስለው 'እናያለን' ያለኝም እሱ» ትላለች።

ለባለ ድመቱ አልመለስኩም። ነገ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከወንድሜ ቤት እንደተመለስኩ ነው የምጽፈው።

ኮምፒዩተሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ድካም ይሆናል። ሁሌ ብቻዬን መወሰን... የባለ ድመቱን መልእክት ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ኮዱን አሳየሁት። ግራ እጁ ተነሳች። ቀስ ብላ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ፤ ያቺ ቀን የምትቀነስበት መስመር ላይ! እዚያው ቆየ።

«ጋሼ... ይግባ? ይለወጥ?»

«እሺ።»

ድምፁ የተለየ ነበር። ነበር? ዝቅ ያለ፣ የታሰበበት። ሰው ሐሳቡን ይቀይር የለ እንዴ?

ወጥ ቤት ሮጥኩ። የወንድሜ ሚስት ድንች እየላጠች ነበር።

«እትዬ፣ ወሰነ! ጣቱን አስቀመጠበት!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መስመሩ ላይ፣ እትዬ። ልክ መስመሩ ላይ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። በእርጥብ እጇ ፊቷን ያዘች። እኔም አለቀስኩ።

ፈቀድኩ። አዲሱ ቅጂ ወጣ። በስሙ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የእውነት በስሙ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ደረጃውን ስወጣ ሳፏጭ ራሴን ያዝኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ቢሮ ሆኜ ነው ያየሁት። መልእክት በመልእክት ላይ። ቀኖቹ ሁሉ በአንድ ቀን ወደፊት ተገፍተዋል። የልደት ቀን፣ የፈተና ቀን፣ የዕቃ ማብቂያ ቀን። የዓለም ፋይል ሁሉ ያቺን የሌለች ቀን ይዞ ነው የተጻፈው፤ እኛ ብቻችንን እንዳልተቆጠረች አድርገን መቀነሱን ትተናል። እኛ? እኔ።

ብዙዎቹ ይሳደባሉ። ስድቡን አነባለሁ፣ ያልፋል። ግን አንዷ ነርስ... እንደዚህ ነው የጻፈችው፦ «የኩላሊት እጥበት ክፍል ነን። የቀጠሮ ወረቀታችን በእርስዎ ላይብረሪ ነው የሚወጣው። ትናንት መምጣት የነበረባቸው ታካሚዎች ዛሬ መጡ። ትናንት አልጋዎቹ ባዶ ውለዋል፤ ዛሬ ደግሞ ሰው ኮሪደር ላይ ቆሟል። አንድ አባት ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የደረሱት። ተርፈዋል። እባክዎ፣ ምን እንደተፈጠረ ይንገሩን።»

እባክዎ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የባለ ድመቱ ከሁሉ በኋላ መጣ። «ጥፋቱ የኔም ነው፤ የቆዩትን ፋይሎች አላሰብኳቸውም። አንተ ግን ታውቅ ነበር። ስንት ዓመት ስትመክረኝ የኖርከው አንተ ነህ። እንዴት እሺ አልከኝ?»

ወደ ድሮው መለስኩት። አስተካክዬ እንደገና አወጣሁ። አለቃዬ በአጠገቤ ሲያልፍ «ፊትሽ አመድ መስሏል፤ ምን ሆነሻል?» አለኝ። ራስ ምታት አልኩት።

የተረፉት አባት ቤታቸው የሚጠብቃቸው ማን ነው? ለምን ይህን አስባለሁ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ለወንድሜ ሚስት ነገርኳት። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። «ነይ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ሾርባውን ይዛ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አንተ፣ ጨው በዝቶበታል?»

«እሺ።»

«በመስኮት ልወርውርህ?»

«እሺ።»

«ሌላ ባል ላግባ?»

«እሺ።» ፈገግ አለላት።

እሷም ሳቀች። እንባዋ ግን አልቆመም።

«አየሽ፣ የኔ እናት» አለችኝ፣ «እኔ በየቀኑ ነው እንዲህ የምጠይቀው። አንድ ቀን የተለየ እሺ ይለኝ ይሆናል እያልኩ። አንቺ ብቻሽን የሰማሽ መሰለሽ?»

«ጣቱስ?»

«ጣቱንማ የምድጃው መብራት ላይም ያስቀምጣል። የሚያበራ ነገር ይወዳል።»

ተናግራ ተጸጸተች መሰለኝ፣ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ አማሰለች፣ አማሰለች።

ሰው የሚፈልገውን ሲሰማ ጆሮውን ይጠራጠር ዘንድ ማን ባስተማረው! እሱ ምንም አልወሰነም። ወሬውን ሁሉ ያወራሁት ብቻዬን ነበር፤ ጠያቂም እኔ፣ መላሽም እኔ። ከሚያዝያ ጀምሮ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ጻፍኩ።

«ይህን የምጽፈው እህቱ ነኝ። ወንድሜ ከሚያዝያ ጀምሮ ታሟል። መናገርም ማንበብም አይችልም። ከዚያ ወዲህ ያገኛችሁት መልስ ሁሉ የኔ ነው። የቀኑን ለውጥ የፈቀድኩትም እኔ ነኝ። ለደረሰው ነገር ይቅርታ እጠይቃለሁ። ላይብረሪውን የሚረከበኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ከመላኬ በፊት አጠገቡ ተቀምጬ አነበብኩለት። ፈቃድ አልጠየቅኩም። ጥያቄ እንዳይመስለው በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ድምፄን ዝቅ እያደረግኩ።

ለነርሷ ለብቻዋ ጻፍኩላት። አልመለሰችም። ለምን ትመልስ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ነፍስ ይማር ይሉኛል!

ታሟል ነው ያልኩት። ሰው አንብቦ አይጨርስም? አንዱ ተሳስቶ ጻፈ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይቶ፤ ሦስተኛው ሁለቱን... አሁን ለቅሶ ቤት ሆኗል። «ትልቅ ሰው አጣን።» «አፈሩ ይቅለለው።» እያንዳንዳቸውን ተከትዬ አርማለሁ። አልሞተም፣ ታሟል። አልሞተም፣ ታሟል። አንዳንዱ «ውይ፣ ደስ አለኝ!» ይላል። ምኑ ነው ደስ ያለው?

እሱ እዚሁ አጠገቤ ነው። አፍንጫውን ያካል።

ባለ ድመቱ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ እረከባለሁ አለ። ለካ የጂኦግራፊ መምህር ነው። «ይህን ሁሉ ዓመት ስንጨቃጨቅ ፊቱን እንኳ አላውቀውም። ፎቶ ይኖርሻል?» አለኝ። አለኝ። የቱን ልላክለት? የድሮውን ብልክ ውሸት፤ የአሁኑን ብልክ ነውር።

አልላክሁም።

ማክሰኞ፣ ህዳር 3

የይለፍ ቃሉን ሁሉ አስረከብኩ። በወንድሜ ስም ጎን «የቀድሞ» የምትል ቃል ገብታለች። ትንሽ ቃል ናት። ትክክልም ናት።

የሚወዷቸውን መልሶቹን ሰብስበው አንድ ገጽ ሠሩለት። አነበብኩት። ሁለቱ የኔ ናቸው። ገጹን ዘጋሁት። ምን ልበል? እሱን የመሰልኩት በጣም ጥሩ አድርጌ ነበር ልበል?

ጣቶቼ ሥራ ፈትተዋል። ከቢሮ ስወጣ እግሬ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል።

እሑድ፣ ህዳር 8

ምሳ ሰዓት ሄድኩ። ከቦርሳዬ በቀር ምንም አልያዝኩም። የወንድሜ ሚስት የኮምፒዩተሩን ጠረጴዛ ከክፍሉ አውጥታ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግታለታለች። «ፀሐይ ያግኘው ብዬ» አለች፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ክፍሉ ሰፍቷል። የሕመምተኛ ክፍል ሆኗል። እስከ ዛሬ ምን ነበር?

እያበላችው ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«አሁንም ይጽፋሉ?» አለችኝ።

«አልፎ አልፎ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ከሩቅ አገር የጻፈች ሴት ናት። «የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት በወንድምሽ ላይብረሪ በሠራሁት ነገር ነው። አንድም ቀን አመስግኜው አላውቅም። ጥሩ ሰው መሆን አለበት። ነፍሱን በገነት ያኑርልሽ።»

የወንድሜ ሚስት አገጩን እየጠረገችለት ነበር። እጇ ቆመ። አርሚያት አላለችኝም። እኔን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው። እሱ የመስኮቱን ብርሃን ያያል፣ እያኘከ።

መጻፍ ጀመርኩ፤ አልሞተም... ጣቴ እዚያ ላይ ደከመ። አጠፋሁት። «ከነቤተሰቤ አመሰግናለሁ» ብዬ ላክሁ። በራሴ ስም።

«ምን አልሻት?» አለችኝ።

«አመሰገንኳት።»

ራሷን ነቀነቀች። «ደግ አደረግሽ» አለች፤ ማንኪያውን ሰጠችኝና ፊቷን ልትታጠብ ሄደች። የቀረውን እኔ አበላሁት።